መሥሪያ ቅጂ፦ ኮድ ላልሆነ ሥራ

መሥሪያ ቅጂ ማለት የሥራው ባለቤት ራሱ ነገ እርማት ቢያስፈልገው የሚከፍተው ፋይል ነው። መጽሐፍ ከሆነ ፒዲኤፉ ሳይሆን የተተየበበት ሰነድ፣ ሙዚቃ ከሆነ ድምፆቹ ገና ያልተቀላቀሉበት ቅጂ ማለት ነው። ጂፒኤል የተባለው የሶፍትዌር ፈቃድ ምንጭ ኮድን የሚተረጉመው ሥራውን ለማሻሻል የሚመረጠው ቅርጽ ብሎ ነው፤ ይህ ትርጉም ለፎቶም ለፎንትም ይሆናል። እዚህ ላይ «ምንጭ» ብቻ ብንል አንባቢው ማጣቀሻ ሊመስለው ስለሚችል «መሥሪያ ቅጂ» ብንለው ይሻላል።

ኮድ ያልሆነ ሥራም እንደ ኮድ በነጻነት ሊሻሻል ይገባል ወይ የሚለው ጉዳይ ከልብ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ዴቢያን ነው። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው፣ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ስርዓተ ክወና ነው። በ1997 ያጸደቀው «ማኅበራዊ ውል» ስርዓቱ መቶ በመቶ ነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊለውጠውና ሊያሰራጨው የሚችል፣ ሆኖ እንደሚቀጥል ቃል ይገባል። ታዲያ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው መመሪያ፣ ሥዕልና ፎንትስ? አባላቱ በ2004 ድምፅ ሰጥተው «ሶፍትዌር» የሚለውን ከዚያ ቃል ኪዳን አወጡት፤ ነጻነቱ የስርዓቱን አካላት ሁሉ የሚመለከት ሆነ። ወዲያው ግን ይህ ሁሉ ካልተጣራ አዲሱ እትም ሊዘገይ መሆኑን ሲያዩ፣ በሌላ ድምፅ ተፈጻሚነቱን «ሳርጅ» የተባለው እትም እስኪወጣ አቆዩት።

ዋናው ውዝግብ የመጣው ከወዳጅ ወገን ነው። ነጻ ሶፍትዌር የሚያዘጋጀው የግኑ ፕሮጀክት ለመመሪያዎች ያወጣው ፈቃድ ደራሲው አንዳንድ ክፍሎችን «የማይነኩ» ብሎ እንዲያውጅ ይፈቅዳል። የፕሮጀክቱ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም በሆነው በኢማክስ መመሪያ ውስጥ የፕሮጀክቱ የአቋም መግለጫ የሆነው የግኑ ማኒፌስቶ እንዲህ ተቆልፏል። ዴቢያን በ2006 በሰጠው ድምፅ፣ የማይነካ ክፍል የሌለው መመሪያ ነጻ ነው፣ ያለው ግን አይደለም አለ። የነጻ ሶፍትዌር አባት የሚባለው የግኑ መሥራች የሪቻርድ ስቶልማን ፕሮጀክት መመሪያ «ነጻ ያልሆነ» ከሚባለው ጎራ ተመደበ። ስቶልማን የአቋም ጽሑፍ እንደ መሣሪያ አይታይም፣ ማንም ሊለውጠው አይገባም ይላል። ለብቻው ለቆመ ጽሑፍ እኔም እስማማለሁ። መመሪያ ላይ ሲለጠፍ ግን መመሪያውን ያሻሻለ ሁሉ ማኒፌስቶውን ተሸክሞ እንዲዞር ይገደዳል፤ ስለዚህ ዴቢያኖች ልክ ነበሩ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው የፎንት ነገር ነው። የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት ደረጃ የሆነው ዩኒኮድ በ2021 በ14ኛው እትሙ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላትን አስገብቷል። ከዚያ በፊት የተሠራ ፎንት ላይ እነዚህን ፊደላት ለመጨመር ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ፈቃዱና መሥሪያ ቅጂው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፎንት በክፍት የፎንት ፈቃድ ስለተለቀቀ የመለወጥ መብቱ አለ። ፈቃዱ ግን ማንንም መሥሪያ ቅጂውን እንዲለቅ አያስገድድም። ቅጂው ከሌለ ቀጣዩ ሠራተኛ ያለቀውን ፋይል መልሶ መፍታት አለበት፤ ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው።

የግዕዝ ፎንት ሠርታችሁ የምትለቁ፣ እባካችሁ መሥሪያ ቅጂውንም አብራችሁ ልቀቁት።