ሳይቃጠል በቅጠል፦ ከጦር ሜዳ ወደ ሰላማዊ ሥራ የተሻገሩ ካሚዮኖች ታሪክ

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። አባባሉ ለቤት እሳት ብቻ ሳይሆን ለካሚዮንም፣ ለተሳቢም፣ ለጄኔሬተርም ይሠራል። እንደሚታወቀው ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል፤ ጥራቱ ሲወርድ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት ካሚዮኑ መንገድ ላይ ከቆመ ወይም የመፈልፈያው ጄኔሬተር አልነሳም ካለ፣ ገበሬው ዓመት የደከመበት ምርት በአንድ ሌሊት ይበላሻል። ስለሆነም የሕብረት ሥራ ማኅበራት ንብረት እንዴት እንደሚያረጅና እንዴት ዕድሜው እንደሚረዝም ማወቅ ለአባላት ሁሉ ጠቃሚ ነው። ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሰጠው ከጦርነት ተርፈው ለሰላማዊ ሥራ የዋሉ ተሽከርካሪዎች ታሪክ ነው። ከእነዚህ መካከል ከ80 ዓመት በኋላም ሞተራቸው የሚነሳ አሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት የሆኑም ብዙ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው?

የ«ቀይ ኳስ» መንገድ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ድረስ፣ ሲሲኬደብልዩ የተባለው የጂ.ኤም.ሲ. ካሚዮን ከ500 ሺህ በላይ ተመርቷል። ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያለው ሲሆን፣ ከመንገድ ውጭ ሁለት ቶን ተኩል እንዲጭን የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የተባበሩት ኃይሎች ፈረንሳይ ሲገቡ የባቡር ሐዲዱ በቦምብ ፈራርሶ ስለነበር የሠራዊቱ ስንቅ፣ ነዳጅና ጥይት ሁሉ በካሚዮን ላይ ወደቀ። «ቀይ ኳስ» የተባለው የማጓጓዣ መስመር ከነሐሴ 25 እስከ ኅዳር 16 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ከ400 ሺህ ቶን በላይ አጓጓዘ። ከሾፌሮቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ቀንና ሌሊት በመንዳትም ከፍተኛ ውለታ ሠርተዋል።

ይሁን እንጂ ለሥራው ጥድፊያ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ካሚዮኖቹ ከአቅማቸው እጥፍ ይጫኑ ነበር። ዘይትና ግሪስ ሳያገኙ የተቃጠሉ ሞተሮች፣ ውሃቸው የደረቀ ባትሪዎች፣ ብሎናቸው ላልቶ የወደቁ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንጎች፣ ያለ ጊዜያቸው ያለቁ ጎማዎች በርካታ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው ብዙዎቹን ካሚዮኖች ከጥቅም ውጭ ያደረጋቸው የጠላት ጥይት ሳይሆን የጥገና ጉድለት መሆኑን ነው።

በሥዕል የሚያስተምር መጽሔት

የአሜሪካ ጦር ለካሚዮኑ የቴክኒክ መመሪያ ነበረው፤ ሾፌሩም ከመንዳቱ በፊት፣ በሚነዳበት ጊዜና ከነዳ በኋላ ምን መመልከት እንዳለበት ተራ በተራ ተዘርዝሮለት ነበር። ችግሩ ወጣቱ ወታደር ወፍራም መጽሐፍ የማያነብ መሆኑ ነው። መፍትሔ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ሥዕለኛው ዊል አይስነር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ «አርሚ ሞተርስ» በተባለ መጽሔት ላይ ጆ ዶፕ የተባለ ግድየለሽ ወታደር እየሳለ፣ ዘይት ሳይለካ የሚነዳ ሰው ምን እንደሚገጥመው በቀልድ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ «ፒ.ኤስ.» የተባለ የቅድመ ጥገና ወርኃዊ መጽሔት ተጀመረ፤ አይስነርም እስከ 1971 ድረስ ሥዕሎቹን አዘጋጀ። ጥገና የምታስተምረው ገጸ ባሕርይ ኮኒ ሮድ ትባላለች። ስሟ የእኛ መካኒኮች በጣሊያንኛ ቃል «ቢየላ» ከሚሉት የሞተር ክፍል የእንግሊዝኛ ስም ላይ የተወሰደ ቀልድ ነው።

ይህ አሠራር ለግብርና ኤክስቴንሽን እንግዳ አይደለም። ገበሬው በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ በዓይኑ ያየውን እንደሚቀበል ሁሉ፣ ሾፌሩም በሥዕል ያየውን አይረሳም።

ከጦርነቱ በኋላ

ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙ ሺህ ትርፍ ተሽከርካሪዎች በየአገሩ ቀሩ። በፊሊፒንስ ሕዝቡ ጂፖቹን ገዝቶ፣ ከኋላ አስረዝሞ፣ ጣሪያ ሠርቶ «ጂፕኒ» የተባለውን የሕዝብ ማመላለሻ ፈጠረ። ወደ ሶቪየት ኅብረት በእርዳታ የተላኩት የስቱድቤከር ካሚዮኖችም በኋላ ለተሠሩት የሶቪየት ካሚዮኖች አርአያ ሆኑ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 አገልግሎት ላይ የዋለው የኤም 35 ቤተሰብ ካሚዮን ከጦሩ ሲሰናበት በየገጠሩ የእሳት አደጋ ውሃ ጫኝ ሆኗል። ከእነዚህ መካከል ኤም 35 ኤ 2 የተባለው ናፍጣም፣ ኬሮሲንም፣ ሲቸግር ቤንዚንም ማቃጠል የሚችል ሞተር ነበረው።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ዕድሜ ያገኙት ተሽከርካሪዎች ሁለት የጋራ ነገር አላቸው። አንደኛ፣ በብዛት አንድ ዓይነት ሆነው ስለተሠሩ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ይሆናል። ሁለተኛ፣ መመሪያ መጽሐፋቸው አልጠፋም።

ርካሽ ግዥ ውድ ሲሆን

ከጦር የተረፈ ንብረት በዋጋው ርካሽ ቢሆንም ቀጥሎ የሚያስወጣው ወጪ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በአገራችን ሕዝቡ «ኦራል» የሚለውን የሶቪየት ካሚዮን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ዑራል 375 የተባለው ሥሪት ጭቃና ዳገት የማይበግረው ቢሆንም ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሩ ነዳጅ በብዛት ይጠጣል። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተመረተው ዑራል 4320 ግን በናፍጣ ሞተር ተተክቷል። ስለዚህ ገዢ ከቀለሙ በፊት ሞተሩን ይጠይቅ።

በጄኔሬተርም እንዲሁ ነው። ለአሜሪካ ጦር ከተሠሩት ብዙዎቹ በደቂቃ 1800 ዙር እየዞሩ 60 ኸርዝ ያመነጫሉ፤ የአገራችን መብራት ግን 50 ኸርዝ ነው። ለ50 ኸርዝ የተሠራ የመፈልፈያ ሞተር በ60 ሲሠራ ከተለመደው ፍጥነቱ በላይ ይሽከረከራል። ማስተካከያው በባለሙያ ብቻ መደረግ ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ የናፍጣ ጄኔሬተር ለረጅም ሰዓት በአነስተኛ ጭነት ሲሠራ በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥላሸት በጭስ ማውጫው ይከማቻል። ለሁለት አምፖል ብሎ ትልቅ ጄኔሬተር ማስነሳት ሞተሩን መጉዳት ነው።

የቆመውን ማንሳት

ለዓመታት የቆመ ካሚዮን ባትሪ ስለተገጠመለት ብቻ መነሳት የለበትም። አስቀድሞ አሮጌው ነዳጅና በታንኩ ሥር የተኛው ውሃ ይቀዳል፤ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራል። በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ገብቶ ሞተሩ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ምክንያቱም ዝገት የያዘው ፒስተን በሞቶሪኖ ጉልበት ሲገደድ ሌላ ብልሽት ያመጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የፍሬን ሲሊንደሮች ከውስጥ ይዝጋሉ። በተለይ በአሮጌዎቹ የጦር ካሚዮኖች የእግር ፍሬኑ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሠራ፣ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ፍሬን ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ለተሳቢም ኩሽኔታው በአዲስ ግሪስ መታሸት፣ መጎተቻ ቀለበቱና የፍሬን ቱቦው መፈተሽ አለባቸው።

ቀለበት ያለው ቸርኬ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ ጎማው ከተነፋ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ፣ ሰው ገለል ብሎ ይነፋል።

ማጠቃለያ

ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው አንድን ካሚዮን 80 ዓመት ያቆየው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ዘይቱን በየጠዋቱ የለካ፣ ብሎኑን ያጠበቀ፣ የሠራውን በመዝገብ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። የአንድ ግለሰብ ካሚዮን ቢቆም የሚጎዳው አንድ ቤተሰብ ነው፤ የዩኒየን ካሚዮን ሲቆም ግን የሁሉም አባል ምርት ይቆማል። የጋራ ንብረት «የማንም አይደለም» ሲባል ይሞታል፤ «የእኔ ነው» የሚለው ሲገኝ ይኖራል። ስለሆነም የዩኒየን በዓል ሲከበር የተገዛው ንብረት ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከተገዛው ውስጥ ዛሬ ጠዋት የተነሳው ስንት እንደሆነም ቢቆጠር መልካም ነው።

መልካም የምስረታ በዓል!