የወጋ ቢረሳ ወረቀቱ አይረሳም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው። ይሁንና የተወጋው ከነዘር ማንዘሩ ከጠፋ፣ የሚመሰክር ዘመድም ጎረቤትም ካልተረፈ ማን ያስታውሳል? በማዕረጉ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር፣ በሥራው ግን የታሪክ ሊቅ የነበረው ራውል ሂልበርግ ዕድሜውን ለዚህ ጥያቄ ሰጥቷል። ያገኘው መልስ የወጋው ራሱ ጽፎ ማስቀመጡን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሂልበርግ በ1926 ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ናዚ ጀርመን በማርች 1938 ኦስትሪያን ስትጠቀልል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ቤተሰቡ በመሣሪያ ተገዶ ከቤቱ ወጣ። አባቱ ታሰረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ ወታደር በመሆኑ ተፈትቶ አገር እንዲለቅ ተደረገ። በኤፕሪል 1939 በፈረንሳይ አቋርጠው ወደ ኩባ ተሰደዱ። ታዳጊው ሂልበርግም ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ጦርነቱ በፈነዳበት ዕለት፣ የአሜሪካን ምድር ረገጠ።

እነርሱ ያለፉበት በር ወዲያው ተዘጋ። ሜይ 13 ቀን 1939 ከሀምቡርግ የተነሣችው «ሴንት ሉዊስ» መርከብ 937 መንገደኞች ይዛ ሐቫና ስትደርስ፣ እንዲወርዱ የተፈቀደላቸው 28 ብቻ ነበሩ። አሜሪካም አልተቀበለቻቸውም፤ ለጀርመንና ለኦስትሪያ በአንድነት የተመደበው ዓመታዊ ኮታ 27,370 ሲሆን፣ ወረፋው ዓመታት የሚያስጠብቅ ነበር። መርከቧ ወደ አውሮፓ ተመለሰች። ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጅግና ሆላንድ ተሳፋሪዎቹን ተከፋፈሏቸው። ከተመለሱት መካከል 254ቱ በእልቂቱ ዘመን ሞተዋል።

ሂልበርግ በ1961 ያሳተመው ስለ አውሮፓ አይሁድ መጥፋት የሚተርከው ታላቅ መጽሐፍ፣ እልቂቱን የአንድ እብድ መሪ ሥራ አድርጎ አያቀርብም። ደረጃ በደረጃ የተሠራ የቢሮ ሥራ ነበር ይላል፤ ፍረጃ፣ ንብረት ነጠቃ፣ በአንድ ስፍራ ማጎር፣ በመጨረሻም መፍጀት። በኖቬምበር 1935 የወጣው ደንብ አይሁዳዊ ማን እንደሆነ የወሰነው የአያቶችን ሃይማኖት ቆጥሮ ነው። ያንን ደንብ ያረቀቀው ሹም ማንንም በእጁ አልገደለም። ግን ያለ እርሱ ደንብ ቀማኛው የማንን ሱቅ እንደሚወርስ፣ ፖሊሱም የማንን በር እንደሚያንኳኳ ባላወቀ ነበር።

የስደቱና የእልቂቱ ታሪክ የሚገናኙትም እዚሁ ላይ ነው። በኦክቶበር 1938 የጀርመን መንግሥት፣ ስደተኞቹን ድንበሯ ላይ ለይታ ለመመለስ በፈለገችው በስዊዘርላንድ ግፊት ጭምር፣ በአይሁዶች ፓስፖርት ላይ «ጄ» የምትል ፊደል እንድትታተም አዘዘ። ገፊው የፈረጀበት ማኅተም ለከልካዩም አገለገለ።

ክሎድ ላንዝማን በ1985 ባወጣው «ሾአ» በተሰኘው ፊልም ሂልበርግ አንዲት የባቡር ትእዛዝ ይዞ እንደ መምህር መስመር በመስመር ያነባል። ባቡሩ ወደ ትሬብሊንካ ሲሄድ ሙሉ፣ ሲመለስ ባዶ ነው። መግደል የሚል ቃል ግን በወረቀቱ ላይ የለም። ለተጓዦቹ የቡድን ታሪፍ ይከፈልባቸው ነበር፤ ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በግማሽ ዋጋ፣ ከአራት ዓመት በታች ያሉት በነጻ። የደርሶ መልስ የሚከፈለው ለጠባቂዎቹ ብቻ ነበር።

ይህን ሥራ ሲጀምር መምህሩ ፍራንዝ ኖይማን፣ እርሱም ከጀርመን የተሰደደ ምሁር፣ ርዕሱ የወደፊት ሕይወቱን እንደሚቀብርበት አስጠንቅቆት ነበር። አሳታሚዎችም ደጋግመው መልሰውበታል። እርሱ ግን ከ1956 እስከ 1991 በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ2007 ዐረፈ። ነቀፋ አላጣውም። በገዳዮቹ ሰነድ ላይ ማተኮሩ የሟቾቹን ድምፅ አሳንሷል፣ አይሁዶች ያደረጉትንም ተጋድሎ አኮስሷል የሚሉት ተቺዎች ከእውነት የራቁ አይደሉም። ሰነድ የገዳዩን እጅ እንጂ የሟቹን ልብ አያሳይም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን የ1948 ስምምነት በ1949 በማጽደቅ ቀዳሚዋ አገር ኢትዮጵያ ናት። የ1957 የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓም ከስምምነቱ አልፎ ለፖለቲካ ቡድኖች ጭምር ከለላ ሰጥቷል። የደርግ ባለሥልጣናት በዚሁ ሕግ በዲሴምበር 2006 ጥፋተኞች ሲባሉ፣ ከቀረቡባቸው ማስረጃዎች መካከል የገዛ መንግሥታቸው ያዘጋጃቸው ሰነዶች ነበሩ።

ዛሬ «ዘር ማጥፋት» የሚለው ቃል በየአደባባዩ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። አንዱ ወገን የሌላውን ሬሳ እስከ መካድ፣ ሌላው የራሱን ሬሳ ብቻ እስከ መቁጠር ደርሷል። ውድ አንባብያን፣ ከሂልበርግ የምንማረው ከጩኸት በፊት መጠየቅን ነው። ስም ዝርዝሩን ማን አዘጋጀ? ማን ፈረመ? የባቡሩን ሒሳብ ማን ከፈለ? የሸሸው ሰው ሲያንኳኳ በሩን የዘጋበትስ ማን ነው? ጥያቄውም የመጀመሪያው ሬሳ እስኪወድቅ መቆየት የለበትም፤ ሰው በመዝገብ መፈረጅ ሲጀምር መጠየቅ አለበት።

ቸር ይግጠመን።