ስለ መሬት ገጽ እርማትና ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ስለ መዛወሩ

ቀያሽ በኮምፒዩተር ያረመው የመሬት ገጽ ወደ ሌላ የንድፍ ፕሮግራም ሲዛወር እርማቱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ምክንያቱ የቆየ ነው። በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ሚለር ከላፍላም ጋር የመሬትን መልክ በቍጥር ስለ መግለጽ ሲጽፍ፥ መሬት ማለት ስፍራቸውና ከፍታቸው የታወቀ የነጥቦች ስብስብ ነበረ። ነጥቦቹን በሦስት ማዕዘኖች ማያያዝ የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው፤ ለዚሁም ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ቦሪስ ዴሎኔ በ1934 ያሳተመው ደንብ አገለገለ።

ደንቡ ግን ስለ ውሃ መውረጃ አያውቅም። የአንድ ካሬ መሬት ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች 100 ሜትር፥ የቀሩት ሁለቱ 98 ሜትር ከፍታ አላቸው እንበል። ሰያፉ መስመር ከፍተኞቹን ቢያገናኝ መካከሉ 100 ሜትር ሆኖ ጉብ ይላል፤ ዝቅተኞቹን ቢያገናኝ 98 ሜትር ሆኖ ቦይ ይሆናል። (2 ሜትር ቱቦ ለሚቀብር ሰው ቀልድ አይደለም።) ደንቡ ሁለቱንም ይፈቅዳል። የሚፈርደው ስፍራውን በእግሩ የረገጠው ቀያሽ ነው።

በ2002 የወጣው ላንድኤክስኤምኤል 1.0 ነጥቦቹንም ሦስት ማዕዘኖቹንም በአንድ ፋይል ለመጻፍ አስቻለ። ሆኖም ተቀባዩ ፕሮግራም ነጥቦቹን ብቻ ወስዶ ገጹን እንደ ገና ከሠራ የቀያሹ ፍርድ ይሻራል። ሦስት ማዕዘኖቹን እንዳሉ ቢቀበልም፥ ኋላ ነጥብ ተጨምሮ ገጹ ሲታደስ አደጋው ይመለሳል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ ቀያሹ የመረጠውን መስመር መሬቱ የሚታጠፍበት መስመር አድርጎ መመዝገብ ይሻላል፤ ገጹ በታደሰ ቍጥር ሦስት ማዕዘኖቹ ያን መስመር አያቋርጡምና። በፋይሉም ውስጥ ለእንዲህ ያለው መስመር የራሱ ስፍራ ተሰጥቶታል።