«የማቃኛ እክል»፦ ሁሉም ድንገተኛ አይደለም

በጥርስ ሕክምና ሙያ «ኦርቶዶንቲክ ኢመርጀንሲ» የሚባል ሐረግ አለ። ጥርሱን በሽቦ ያሳሰረ ሰው ከአንዱ ቀጠሮ እስከሚቀጥለው የሚገጥመው ችግር ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላል፦ ጥርስ ላይ የተለጠፈችው ብረት ስትላቀቅ፣ የሽቦው ጫፍ ጉንጭ ሲወጋ፣ ማሰሪያው ላስቲክ ሲጠፋ፣ ከንፈር ሲቆስል፣ ከዚያም አልፎ ቁራጭ ብረት ወደ ጉሮሮ ሲገባ። ሐረጉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት «ድንገተኛ» የሚለው ቃል ነው፤ ሆስፒታሎቻችን «ድንገተኛ ክፍል» አላቸውና። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ግን ይህ አተረጓጎም ስሕተት እንደሆነ፣ ስሕተቱም ከቃላት አልፎ እንደሚሄድ ነው። ጥርስ የሚያቃናው ሐኪም ከአባይ ማዶ ለሆነበት የደብረ ማርቆስ ታካሚ፣ የተሳሳተ ስም የተሳሳተ መንገድ ያስይዛል።

በመጀመሪያ የሕክምናውን ስም እንፍታ። «ኦርቶዶንቲክስ» ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው፤ አንዱ «ቀጥ ያለ»፣ ሁለተኛው «ጥርስ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ኦርቶዶክስ» ውስጥም ያለው እርሱ ነው፤ ሊቃውንቱም «ርትዕት ሃይማኖት» ሲሉ በግዕዝ መልሰውታል። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች በሚታወቀው ጎጃም ከ«ርቱዕ» እና ከ«አስናን» አዲስ ስም ማዋቀር የሚቸግረው ተማሪ አይኖርም። ሆኖም ቃሉ ማገልገል ያለበት ልጇን ይዛ መናኸሪያ የቆመችውን እናት ነው። ለእርሷ «ማቃናት» ይበቃል፦ የተጣመመ እንጨት ይቃናል፣ ሥራም ይቃናል። ስለዚህ ሕክምናው «ጥርስ ማቃናት»፣ አፍ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ደግሞ «ማቃኛ» ይባል። «ብሬስ» ባዕድ ነው፤ «ሽቦ» የሚለው የዘወትር አጠራር ደግሞ ከዕቃው አንዱን ክፍል ብቻ ይጠራል። «ማቃኛ» ግን ሽቦውንም፣ የሚለጠፈውንም ብረት፣ ላስቲኩንም፣ የሚወልቀውንም ፕላስቲክ ያቅፋል። ከክራር «መቃኛ» ጋር በአንዲት ፊደል ብቻ መለያየቱም ክፉ አይደለም፤ ሁለቱም ሥራቸውን የሚሠሩት በልክ በመወጠር ነው።

ይህ በልክ መወጠር የክርክሩ ዋና ማስረጃ ነው። ጥርስ እንደ ችካል ከአጥንት ጋር ተጣብቆ የተተከለ አይደለም፤ በሥሩና በመንጋጋ አጥንቱ መካከል ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ። ሽቦው በለስላሳ ኃይል ሲገፋ በተጫነው በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ፣ በተለቀቀው በኩል አዲስ አጥንት እየተሠራ ጥርሱ ቦታ ይለውጣል። ጉዞው በወር ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ይታያል፤ ሙሉ ሕክምናው ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይወስዳል። እንዲህ በዝግታ የሚሄድ ሥራ በአንድ ሌሊት አይፈርስም። ቆሎ ሲቆረጠም ወይም ጥንቅሽ ሲላጥ የተላቀቀች ብረት ለሳምንታት ቸል ከተባለች ሕክምናውን ታራዝማለች፤ በጥቂት ቀን ግን ጉዳት አታደርስም። ሽቦው ከጠበቀ በኋላ የሚሰማው ሕመምም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጀምሮ፣ በማግስቱ ብሶ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ ጥርሱ መንቀሳቀስ የመጀመሩ ምልክት ስለሆነ ብልሽት ሊባል እንኳ አይገባውም።

ለእነዚህ የሚስማማው ቃል «እክል» ነው። መኪና መንገድ ላይ እክል ሲገጥመው መንገደኛው ይጉላላል፣ መካኒክም ይፈለጋል፤ ቁስለኛ አለ ብሎ የሚጮኽ ግን የለም። «የማቃኛ እክል» ሲባልም ዕቃው ተበላሽቷል፣ ባለቤቱ ግን ደኅና ነው ማለት ነው። «ድንገተኛ» የሚለው ስም ለጥቂቶቹ ይቆይ፦ ቁራጭ ብረት ወደ ውስጥ ገብቶ ሳል ሲያጣድፍ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር፣ ፊት ወይም አንገት ሲያብጥ፣ በተለይም ትኩሳት ሲኖረው፣ ደም አልቆም ሲል፣ በመውደቅ ወይም በመመታት ጥርስ ሲነቀል ወይም መንጋጋ ሲሰበር። ሁለቱን የሚለየው ጥያቄ አንድ ነው፦ የተጎዳው ዕቃው ነው ወይስ ሰውየው?

ጥያቄው ጎጃም ላይ ክብደት የሚያገኘው በመንገዱ ምክንያት ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የአገሪቱ የጥርስ ማቃናት ስፔሻሊስቶች ደግሞ በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው። በመካከል ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያሻግረው የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ስም የጠራ ቤተሰብ በሁለት በኩል ሊሳሳት ይችላል፦ ለአንዲት የላላች ብረት ኮንትራት መኪና ይዞ በረሃ ይወርዳል፤ ወይም ፊቱ ያበጠውን ልጅ «ሽቦውን ያሰረው ሐኪም ይየው» ብሎ እዚያው መኪና ላይ ያሳፍራል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ላበጠ ፊትና ላጠረ ትንፋሽ የሚያስፈልገው የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ያም በዚያው ሰዓት። አዲሱ ቃል ስለዚህ ጊዜንና ቦታን አብሮ ይነግራል፦ ድንገተኛው ሳይውል ሳያድር ወደ ቅርቡ ሐኪም፣ እክሉ በቀጠሮ ወደ ሩቁ።

«እክል» የሚለው ለስለስ ያለ ቃል ቸልተኝነትን አያመጣም ወይ? የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ግን እክል መጠበቅን እንጂ መርሳትን አይፈቅድም። እክል የገጠመው ሰው ለሐኪሙ በዕለቱ ደውሎ ወይም ፎቶ ልኮ ቀን ይቆርጣል፤ እስከዚያው ጉንጩን ይጠብቃል። የሚወጋውን ጫፍ ለዚሁ በተሠራ ሰም ይሸፍናል፤ ያ ከሌለ ንጹሕ የንብ ሰም በጎጃም ብርቅ አይደለም፣ ቀለም ያለው ሻማ ግን አይሆንም። የቆሰለውን ለብ ባለ የጨው ውሃ ይጉመጠመጣል። የተላቀቀችውን ብረት በሱፐር ግሉ አያጣብቅም፤ ሐኪሙ ካልነገረውም ሽቦ አይቆርጥም፣ ቁራጩ ወደ ጉሮሮ ሊገባ ይችላልና። ሌላው ተቃውሞ ተራ ሰው ይህን ለይቶ ራሱን መርዳት አይችልም የሚል ነው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የብሪታንያን የጥርስ ክሊኒኮች ባዘጋበት ወቅት የዚያ አገር የጥርስ ማቃናት ማኅበር ለታካሚዎች የቤት ውስጥ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ የሚወጋ ሽቦን መሸፈን ተራው ሰው ሊማረው የሚችል ነገር መሆኑን ሙያው ራሱ ተቀብሏል ማለት ነው። ስልክ ሲቋረጥስ? ለሚል መልሱ እውቀቱ ከስልኩ ቀድሞ ታካሚው እጅ ይግባ ነው። በመጨረሻም እንግሊዝኛውን እንዳለ እንያዝ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን «ኢመርጀንሲ» በጆሯችን የሚያስተላልፈው ድንጋጤን ብቻ ነው። የተደናገጠ ሰው ደግሞ የሚጠይቀው «በምን እንሂድ» ብሎ እንጂ «ወዴት» ብሎ አይደለም።

ስለዚህ የጥርስ ማቃናት ሕክምና የምትሰጡ ሐኪሞች፣ በቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ሁለት መስመር አማርኛ አትሙ፦ «የማቃኛ እክል፦ ሸፍን፣ ደውል፣ ቀን ቁረጥ። ድንገተኛ፦ አሁኑኑ ቅርብህ ወዳለው ሆስፒታል ሂድ።»