የአሮጌ መኪና ሽቦ እንደ ታሪክ ሰነድ

መኪና ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ የተሰኘችውን መኪና በረሃና ተራራ አቋርጦ አዲስ አበባ ካደረሰና ዳግማዊ ምኒልክ ከተመለከቷት ወዲህ ስለ መኪናና ስለ መንገድ ብዙ ተጽፏል። የሞተሩ ኃይል፣ የጎማው ጥንካሬ፣ የባለቤቱም ማዕረግ በየጊዜው ተወስቷል። በላሜራው ሥር ተሸሽጎ የሚሄደውን ሽቦ ግን የታሪክ ጸሐፊው ቀርቶ ባለቤቱ እንኳ የሚያስታውሰው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተረሳ ክፍል ማስታወስ ነው። በአገራችን ሲሠራ የኖረ አሮጌ መኪና ሽቦ፣ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ያለፈበትን ሁሉ የያዘ ሰነድ ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና ለማደስ የሚነሣ ባለሙያ ከመቁረጡ በፊት ማንበብ ይገባዋል።

ሽቦው እንዴት በዛ?

በቀደሙት መኪኖች የኤሌክትሪክ ሥራ ከማቀጣጠል እምብዛም አያልፍም ነበር። የፊት መብራት በካርባይድ ጋዝ ወይም በዘይት ይበራ ነበር፤ ሞተሩም የሚነሣው በማኒቬላ ነበር። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1912 በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር ለገበያ ካቀረበ በኋላ ግን ባትሪው፣ ዲናሞው፣ ሞተሪኖውና መብራቱ በአንድ ሥርዓት ተያያዙ። ከዚያም ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ እየተከታተሉ ተጨመሩ። የሽቦው ቁጥር በበዛ መጠን አንዱን ከሌላው የመለየት ችግር ተፈጠረ። ለዚህ ችግር የየአገሩ ኢንዱስትሪ የየራሱን መልስ ሰጠ፤ መልሶቹም ሁሉ ተራ በተራ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ።

ሦስት አገሮች፣ ሦስት አጻጻፎች

የእንግሊዞች መልስ ቀለም ነበር። በበርሚንግሃሙ የሉካስ ኩባንያ ዕቃዎች በተሠሩት መኪኖች ቡናማ ሽቦ ዘወትር ከባትሪው ኃይል የሚቀበል ነው። ነጩ ኃይል የሚያገኘው የሞተሩ ቁልፍ ሲከፈት ነው፤ አረንጓዴው በዚያው ቁልፍ አልፎ፣ በተጨማሪም በፊውዝ ተጠብቆ ይሄዳል። ሰማያዊው ለፊት መብራት፣ ቀዩ ለፓርኪንግና ለኋላ መብራት፣ ጥቁሩ ለማሳ ተመድቧል። እ.ኤ.አ. በ1948 ለዓለም የታየው ላንድሮቨር ይህን የቀለም ሥርዓት እንደ ያዘ በአገራችን ገጠር ተሰማራ።

የጀርመኖች መልስ ቁጥር ነበር። በጀርመን ደረጃ መሠረት ተርሚናል 30 የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ 15 በቁልፉ በኩል የሚመጣ ኃይል፣ 31 ማሳ፣ 50 የሞተሪኖ ትእዛዝ ነው። ከፊት መብራት ረጅሙ 56ኤ፣ አጭሩ 56ቢ ይባላል። የሽቦው ቀለም ቢደበዝዝ እንኳ በዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር አይጠፋም። ቮልስዋገን ይህን ቁጥር ይዞ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለመደ መኪና ሆነ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በዚሁ መኪና ነበር።

ኢጣልያኖች ወደ አገራችን ያመጡት ከመኪናውና ከሽቦው በላይ ነው፤ ቃላቱንም አመጡ። ፊያት 634 የተባለው ከባድ መኪና በአገራችን «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ስሙ ቀርቷል። ከጦርነቱ በኋላም ሰይቼንቶ፣ ፊያት 1100 እና 682 የጭነት መኪና ተከታትለው ገቡ። በደርግ ዘመን የታክሲውን ሥራ የተቀላቀለው የሶቪየቱ ላዳ እንኳ የተወለደው ከፊያት 124 በመሆኑ የቱሪን ከተማ ዝምድናው ሳይቋረጥ ቆየ። ዛሬም አንድ የጋራዥ ባለሙያ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ማሳ እያለ የሚናገረው በኢጣልያኖች ቃል ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ልዩ ነገር ተፈጠረ፤ ኢትዮጵያዊው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የእንግሊዙን ቀለም እያየ፣ የጀርመኑን ቁጥር እያነበበ፣ ሁሉንም በኢጣልያኖች ቃል እየጠራ በአማርኛና በኦሮምኛ ያስተምር ነበር። አብዛኛው ይህን ያወቀው በመጽሐፍ ሳይሆን ከጌታው ሥር ሆኖ ቁልፍ እያቀበለ ነው።

ማሳው የተገለበጠ መኪና

ልዩነቱ በቀለምና በቁጥር ብቻ ቢወሰን ኖሮ ችግሩ ቀላል በሆነ ነበር። የእንግሊዝ መኪኖች ለብዙ ዓመታት ከአካላቸው ጋር የሚያያይዙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነበር፤ የላንድሮቨር ፋብሪካ ወደ ኔጌቲቭ ማሳ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1967 አካባቢ ነው። ዲናሞ ያለው መኪና በዚህ ረገድ ታጋሽ ነው፤ ባትሪው ተገልብጦ ቢታሰርም፣ የዲናሞውን ፊልድ ከባትሪው ጋር ለአፍታ በማነካካት ዋልታውን ማስለወጥ ይቻላል። አልተርኔተር ግን እንዲህ ያለውን ስሕተት አይምርም፤ ዳዮዶቹ ወዲያውኑ ይቃጠላሉ። በመሆኑም በአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ላይ ከመሥራት በፊት «ማሳው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። መልሱም የሚገኘው በፋብሪካው መጽሐፍ ሳይሆን በመኪናው ላይ ነው፤ በመካከሉ ማን እንደ ለወጠው መጽሐፉ አያውቅምና።

የቮልቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ቮልስዋገን በአብዛኛው ገበያ እስከ 1966 ሞዴል ድረስ በ6 ቮልት ይሠራ ነበር፤ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ተዛወረ። «የድሮ ቮልስ መብራቷ ደካማ ነው» የሚለው የቆየ ወቀሳ መሠረቱ ይህ ነው። እያንዳንዳቸው 45 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች በ6 ቮልት ሲበሩ የጋራ ተቃውሟቸው 0.4 ኦም ብቻ ነው። በዝገት ምክንያት በመስመሩ ላይ 0.1 ኦም ቢጨመር፣ ከቮልቱ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 1.2 ቮልት ያህል፣ በመንገድ ይቀራል። በ12 ቮልት ግን ያው ዝገት የሚወስደው 0.7 ቮልት ገደማ፣ ይኸውም ከመቶ 6 እጅ ያህል ነው። ስለዚህ ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚገባው ለመብራቱ ሳይሆን ለዛገው መገናኛ ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ የራሳችን ታሪክ አለ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ አነዳድ የተዛወረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ለግራ መንገድ የተሠራ የፊት መብራት አጭሩ ብርሃኑ ወደ ግራ ከፍ ስለሚል፣ በቀኝ ሲነዳ ብርሃኑ የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የገባን መኪና «እንደ ቀድሞው ይሁን» ብሎ የሚያድስ ሰው የመጀመሪያውን መብራት በትክክል ሲመልስ አደጋውንም አብሮ ሊመልስ ይችላል።

ከጊንጪ እስከ ካቺሲ

እስካሁን የተናገርነው ከውጭ ስለ መጣው ነው። ከውስጥ የተጨመረውን ለማየት ግን ከዋናው መንገድ መውጣት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጊንጪ ላይ ወደ ሰሜን የሚታጠፍ ሰው በጎጆ አድርጎ የጀልዱን ደጋ ያቋርጥና፣ ከዓባይ ሸለቆ በስተደቡብ ባለው በግንደ በረት ምድር ካቺሲ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ መንገድ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ንቅናቄው ሽቦን ይፈትናል። ጨርቅ የለበሰው የጎማ ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ሽቦው በሻንሲው ጠርዝ እየተፋቀ ይራቆታል። መለዋወጫም በቅርብ አይገኝም።

በካቺሲ ለመመርመር ዕድል ያገኘሁት አንድ ላንድሮቨር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሞተሩ በኩል የሉካስ ቀለሞች ቢደበዝዙም ይለያሉ። ከሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ያለው ሽቦ ግን ሁሉም ጥቁር ነው። የፋብሪካውን ሥዕል ለሚያውቅ ሰው ይህ ሥርዓት የለሽ ሥራ ይመስለዋል፤ ጥቁር ማሳ ነውና። ጠጋ ብሎ ሲታይ ግን በእያንዳንዱ ሽቦ ሁለት ጫፍ ላይ የክር ቋጠሮ ታስሯል። አንድ ቋጠሮ የፓርኪንግ፣ ሁለት ቋጠሮ የፍሬን፣ ሦስት ቋጠሮ የቀኝ ፍሬቻ፣ አራት ቋጠሮ የግራ ፍሬቻ ነው። ባለሙያው ያገኘው አንድ ቀለም ብቻ ነበር፤ እንግሊዙ በቀለም፣ ጀርመኑ በቁጥር የፈታውን ችግር እርሱ በክር ፈታው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም ነገር ነበር። ከኋላ መብራቶቹ ተነሥቶ እስከ ባትሪው ማሳ ድረስ የሚሄድ፣ በፋብሪካው ሥዕል ላይ የሌለ አንድ ሽቦ ተገኘ። የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም፣ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ሁለቱ ልዩ ልዩ ማዕድናት እርጥበት ባለበት ሲገናኙ መገጣጠሚያቸው ይበላል፤ በዚያ የሚመለሰው የመብራት ኃይልም ይደክማል። ስሙ የማይታወቀው ሠራተኛ ይህን ምናልባት በኬሚስትሪ ቋንቋ ላይገልጸው ይችላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን አግኝቶለታል። መኪናውን በሉካስ ሥዕል መሠረት የሚያድስ ሰው ይህን ሽቦ «ትርፍ ነው» ብሎ ቢያወጣው፣ የተፈወሰውን በሽታ መልሶ ይዘራል።

ስለ እድሳት ሥርዓት

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው «አሮጌውን ሽቦ በሙሉ ጥሎ በአዲስ መተካት ነው» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ሁሉም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይሁን» ይላል። የመጀመሪያው ስለ ደኅንነት፣ ሁለተኛው ስለ ታማኝነት እውነት አለው። ነገር ግን ሁለቱም በፋብሪካውና በዛሬው መካከል ያለውን ዘመን ይሰርዛሉ። መኪናው ኢትዮጵያዊ የሆነው ግን በዚያ ዘመን ነው።

የተሰነጠቀ ሽፋን ያለውን ሽቦ በናፍቆት ምክንያት ማቆየት እንደማይገባ ግልጽ ነው፤ የተቃጠለ መኪና ታሪክ አይናገርም። ለአንድ ላይት የተሠራ ባለ ነጠላ ዘንግ የቤት ሽቦም በመኪና ንቅናቄ ስለሚሰበር መለወጥ አለበት። የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ሁለት ፊውዝ ብቻ ስለነበራቸውና የፊት መብራቱም በእነዚያ ስለማይጠበቅ፣ ከባትሪው አጠገብ አንድ ዋና ፊውዝ መጨመር ብልህነት ነው። ጥያቄው መለወጡ ሳይሆን የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ ባትሪው ይፈታል፤ የትኛው ዋልታ ማሳ እንደሆነም ይመዘገባል። ቀጥሎ አንዲት ሽቦ ሳትነካ የመኪናው ሥዕል እንዳለ ይነሣል፤ የፋብሪካው ሥዕል ከጎኑ ተቀምጦ ልዩነቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በእያንዳንዱ ልዩነት ላይ «ይህ ለምን ተደረገ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጤናማ በሚመስለው መስመር ላይ ባትሪው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ መብራቱ እንደበራ የማሳው ቮልት ይለካል፤ ከመብራቱ ማሳ እስከ ባትሪው ድረስ ከ0.2 ቮልት ገደማ የሚበልጥ ከጠፋ መገናኛው ይጸዳል። ከዚያ በኋላ የሚጣለው ይጣላል፤ ነገር ግን ሥዕሉና ከተቆረጠው ሽቦ ጥቂት ናሙና ከመኪናው ሰነዶች ጋር ይቀመጣል። ይህ ሥራ የሚፈጀው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው።

ጉዳዩ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በብሔራዊ ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች ለሕዝብ እይታ መቅረባቸው የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን የቤተ መንግሥት መኪና ጠባቂ አያጣም። በየወረዳው ሲሠሩ የኖሩት ላንድሮቨሮችና ፊያቶች ግን በየግቢው ዝገው ለላሜራ ይሸጣሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ አዲሱ ትውልድ የሚማረው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ዲናሞና ስለ ፖዘቲቭ ማሳ የሚያውቁት አዛውንት ባለሙያዎች ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል፤ ያወቁትንም በወረቀት አላሰፈሩም።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት በሥራ ምክንያት ወደ ገጠር ሲወጡ በዚያ የቆመ አሮጌ መኪና ቢያጋጥማቸው ኮፋኖውን ከፍተው ሽቦውን በሥዕል እንዲያስቀምጡ፣ በአካባቢው ያለውን አንጋፋ ኤሌክትሪክ ሠራተኛም ጠይቀው ቃሉን እንዲጽፉ ማሳሰብ ይገባል። የሉካስና የቦሽ መሐንዲሶች የሠሩት በየመጻሕፍቱ ተመዝግቦ ይገኛል። የካቺሲው ባለ ቋጠሮ የሠራው ግን የሚገኘው በዚያ ጥቁር ሽቦ ጫፍ ላይ ብቻ ነው።