ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ተከራይቼ

ባለፈው ሳምንት አከራዬ በበሩ ሥር ደብዳቤ አስገብቶልኝ ሄደ። ውሌ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ኪራይ ተጨምሯል። ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ እናቴ ይሄን ገጽ ታነባለች።

የምኖረው ማሳቹሴትስ፣ ሎውል ከተማ፣ ድሮ ጥጥ ፋብሪካ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሎፍት ይሉታል። ጣሪያው ሩቅ፣ ግድግዳው ያልተለሰነ ቀይ ጡብ፣ መስኮቱ ከቁመቴ የሚበልጥ፣ መሐል ላይ ወፍራም የእንጨት ምሰሶ። በብርድ ጊዜ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣና እኔ ታች ጋቢ ለብሼ እቀመጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ ግን አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ደብዳቤውን ሳነብ፣ እዚችው ከተማ ውስጥ ከእኔ በፊት በኪራይ ጭማሪ የተናደዱ ልጆች ትዝ አሉኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ሎውልን በ1820ዎቹ የቆረቆሯት የቦስተን ባለሀብቶች ናቸው፤ የሜሪማክ ወንዝ ፏፏቴ ስላለ። ውኃው በቦይ ተጠልፎ ማሽኑን ያዞራል። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ፣ ያላገቡ የገበሬ ልጆች ነበሩ። በቀን 12 እና 13 ሰዓት ይሠራሉ። ደወል ያስነሳቸዋል፣ ደወል ያስገባቸዋል። ማደሪያቸውም የኩባንያው ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስትም ስምንትም ሆነው፣ አንዷን አልጋ ለሁለት። አሠሪና አከራይ አንድ ሰው ሲሆን አስቡት እስቲ!

እኔ የምኮራባቸው መስኮቶችም ለውበት አልተሠሩም። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ጊዜ ሸማኔዋ ክሩን ታይ ዘንድ ነው። ደግሞ አይከፈቱም ነበር። አየሩ ከደረቀ ክር ይበጠሳል፣ ስለዚህ በበጋው ሙቀት ሳይቀር ተዘግተው፣ ልጆቹ ብናኝ ሲምጉ ይውላሉ።

በ1834 ደመወዝ ሊቀነስ ሲል ሥራ አቆሙ፣ አልተሳካላቸውም። በ1836 ደግሞ ኩባንያዎቹ የማደሪያና የምግብ ክፍያውን ጨመሩ። በዚህ ጊዜ ከ1,500 በላይ ሴቶች ማሽኑን ትተው ወጡ። ከነሱ መካከል ሃሪየት ሃንሰን የምትባል የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሥራዋ ክር የሞላውን እንዝርት እያነሳች በባዶ መቀየር ነው። እሷ የምትሠራበት ክፍል ያሉት ትልልቆቹ እንውጣ አንውጣ እያሉ ሲያመነቱ፣ እናንተ ብትቀሩም እኔ እሄዳለሁ ብላ ቀድማ ወጣች። ዞር ስትል ሁሉም ተከትለዋታል። ይሄን በ1898 ባሳተመችው መጽሐፍ ራሷ ጽፋዋለች። እናቷ ባሏ የሞተባት፣ የኩባንያውን ማደሪያ የምታስተዳድር ሴት ነበረች። ልጅሽን አልተቆጣጠርሽም ተብላ ከሥራዋም ከቤቷም ተባረረች። ጭማሪው ግን ቢያንስ ለከፊሎቹ ሠራተኞች ተነሳላቸው።

የነዚህን ልጆች ጀግንነት ሳወራ አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ጥጡን የሚለቅሙት በደቡብ ግዛቶች በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። እነሱ የሚለብሱት ሻካራ ጨርቅ ራሱ «ሎውል» ይባል ነበር። የለቀሙት ጥጥ እዚህ ተሸምኖ ተመልሶ ይለበስላቸዋል።

ጨርቁ እኛም ሠፈር ደርሷል'ኮ። ከዚሁ ግዛት፣ ከሴለም ወደብ፣ የሚነሱ መርከቦች ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ወደ ዛንዚባር ይጭኑ ነበር፤ በስዋሂሊ «መሪካኒ» ተባለ። እኛ ጋ አቡጀዲ። በ1903 የሮበርት ስኪነር ልዑክ አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የምትሸጠው ዋናው ዕቃ ይኸው ነበር። አያቴ ለፍራሽ ልብስም ለከፈንም አቡጀዲ ስትል፣ ስሙን የአገር ቤት ዕቃ አድርጌ ነበር የማስበው።

በኋላ ፋብሪካዎቹ ወደ ደቡብ ሄዱ፣ ሕንፃዎቹ ባዶ ቀሩ። በ1978 የከተማዋ መሐል ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። መንግሥት ታሪካዊ ሕንፃ ለሚያድስ ከወጪው 20 በመቶ በግብር ሲያስብለት፣ ባለሀብቶቹ ተመልሰው መጡ፤ አሁን አፓርታማ ይዘው። ወለሉ ላይ የማሽን ዘይት የጠጣው ጣውላ አንዳንድ ቦታ አሁንም ጥቁር ነው። የኪራይ ማስታወቂያው ላይ እሱም እንደ ጌጥ ተጽፏል።

ትናንት ማታ ሦስት ጎረቤቶቼን አንኳኩቼ ጠየቅኩ። ሁሉም ደብዳቤው ደርሷቸዋል። አንዷ ካምቦዲያዊት ናት፣ ልትለቅ ዕቃ መሸከፍ ጀምራለች። ቆይ አልኳት። ቅዳሜ አሥር ሰዓት እኔ ቤት ቡና ይፈላል።