ዜማ በቦይ
ዲጂታል ሙዚቃ ወደ ሳሎን የገባበት ታሪክ

ሙዚቃን ቀርጾ በቤት ማኖር ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ዕቃው ቢለዋወጥም አንድ ነገር ሳይለወጥ ቆይቶ ነበር፤ ይኸውም ድምፁ የተቀረጸበት አካል፣ ሸክላም ሆነ ካሴት፣ ከባለቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ በእጅ የሚዳሰስ፣ ሲሰበርም የሚያሳዝን መሆኑ ነው። ዛሬ በብዙ ሳሎን ውስጥ ማጉያውና ስፒከሮቹ በቦታቸው አሉ፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ሆኗል። ዜማው ከሌላ ስፍራ በሽቦ ወይም በአየር እየፈሰሰ ይመጣል። ለመሆኑ ይህን ቦይ ማን ቆፈረው? የምንጩስ ባለቤት ማን ነው? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ሥር ያለው ከሙዚቃ ዘንድ ሳይሆን ከስልክ ዘንድ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ በፓሪስ ሲሠራ ሳለ፣ የሰው ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ በመንገድ በሚቀላቀለው ጉርምርምታ መበላሸቱ ያሳስበው ነበር። ስለዚህ ድምፁን እንዳለ ከመላክ ይልቅ በየቅጽበቱ እየለኩ ልኩን በቁጥር መላክ እንደሚሻል አሰበ፤ ፈጠራውንም በ1938 አስመዘገበ። የዘመኑ መሣሪያ ግን ይህን ሐሳብ ለመሸከም አቅም ስላልነበረው፣ ቁጥር ሆኖ የተቀረጸ ሙዚቃ በተራ ሰው ቤት እስኪገባ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ማለፍ ነበረበት። ሶኒና ፊሊፕስ በኅብረት ያዘጋጁት ሲዲ በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው በኦክቶበር 1982 ነው። በሲዲ ላይ የግራውም የቀኙም ድምፅ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል። ቁጥሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው። ከሲዲ በፊት መሐንዲሶች የድምፁን ቁጥሮች የሚያስቀምጡት በቪዲዮ ክር ላይ ስለነበር፣ በሰከንድ 60 የሥዕል ክፍሎች፣ በየክፍሉ 245 መስመሮች፣ በየመስመሩም 3 ልኬቶች ሲባዙ የሚገኘው ድምር ይኸው ነው። የቴሌቪዥን ሥርዓት ለሙዚቃ መስፈሪያውን አወረሰው ማለት ነው።

እንዲህ የተለካ ሙዚቃ ብዙ ቦታ ይይዛል። የዘመኑ የስልክ መስመር ደግሞ ጠባብ ነበር። በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ፣ በፍራውንሆፈር ተቋም፣ ካርልሃይንስ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ መፍትሔውን የፈለጉት በሽቦው ላይ ሳይሆን በሰው ጆሮ ላይ ነው። ከበሮ በኃይል በሚመታበት ቅጽበት የክራር ጅማት በቀስታ ቢነካ ጆሮ አይሰማውም፤ እንግዲያውስ ያልተሰማውን መላክ ለምን ያስፈልጋል? በዚህ ዘዴ የተጨመቀው ፋይል ከሲዲው ድምፅ አንድ ዐሥራ አንደኛ ያህል ሊሆን ይችላል። በጁላይ 1995 ኤምፒ3 የሚለው ስም ወጣለት። የተጣለው ግን አይመለስም። በ2001 ጆሽ ኮልሰን ያወጣው ፍላክ የተባለው ዘዴ በአንጻሩ አንዲት ቁጥር ሳያጎድል ፋይሉን ወደ ግማሽ ገደማ ያሳንሳል፤ በጥሩ መሣሪያ ማድመጥ የሚወዱ ሰዎች ፊታቸውን ወደዚህ ያዞሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም አንድ ግድግዳ በመካከል ቆሞ ነበር። ፋይሉ ያለው ከኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚገኘው ከጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ፣ አድናቂው እያጉረመረመ፣ ከሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ጋር ነው፤ መልካሙ ሃይ ፋይ ደግሞ ከሳሎን ነው። ይህን ግድግዳ ካፈረሱት ቀደምት ሰዎች አንዱ በካሊፎርኒያ ስሊም ዲቫይስስ የተባለውን ትንሽ ኩባንያ ያቋቋመው ሾን አዳምስ ነው። በ2001 ያወጣው ስሊምፒ3 የተባለ ሣጥን ዲስክም አድናቂም አልነበረውም፤ በአንድ ወገን የኔትወርክ ሽቦ ይቀበላል፣ በሌላው ወገን አንባቢ የካሴት ማጫወቻውን ከማጉያው ጋር የሚያገናኝበትን ያንኑ ባለ ሁለት ራስ ሽቦ ይሰጣል። በ2003 የተከተለው ስኩዊዝቦክስ ያለ ሽቦም ይቀበል ጀመር። አሠራሩ ቀላል ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ሶፍትዌር ፋይሉን ያፈስሳል፤ ሣጥኑ ከሚያጫውተው አስቀድሞ ጥቂት ሰከንድ የሚበቃ በማኅደረ ትውስታው ያጠራቅማል፤ ቦዩ ለአፍታ ቢቆራረጥ ጋኑን የሞላ ቤት እንደማይጠማ ሁሉ ዜማው አይቋረጥም። በመጨረሻም ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይመልሰዋል። በ2006 የወጣው ትራንስፖርተር ይህን የመጨረሻ ሥራ በላቀ ጥራት ለመሥራት ተብሎ 2,000 ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር፤ ጆሮ የዋጋውን ያህል ልዩነት ይለያል ቢሉኝ ግን እጠራጠራለሁ።

ከሣጥኑ ይልቅ ታሪክ ሊመዘግበው የሚገባው ሶፍትዌሩ ነው። የስሊም ዲቫይስስ ሰዎች የጽሑፍ ኮዱን አልደበቁም፤ ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመው፣ እንዲያባዛው ፈቀዱ። በ2006 ሎጂቴክ ኩባንያውን ሲገዛም ይህ ፈቃድ ጸንቶ ቆየ።

በስዊድን የተመሠረተው ስፖቲፋይ በ2008 አገልግሎቱን ሲከፍት የቦዩ ምንጭ ከቤት ወጣ። አድማጩ የሚከፍለው ለዕቃው ሳይሆን ለመስማቱ ሆነ። ምቾቱን አልክድም። ነገር ግን በ1980ዎቹ የአገራችን ዘፈን በብዛት ለአድማጭ የደረሰው በካሴት መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ክሩ ሳይላላ ወደ ፋይል የተገለበጠ አንድ ካሴት፣ ቤቱ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ በኪራዩ መዝገብ ካልገባ ከሳሎኑ ማጉያ የሚደርሰው በባለቤቱ በራሱ ቦይ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የቤት ሰርቨር ቅንጦት አይደለም።

በ2012 ሎጂቴክ ስኩዊዝቦክስን ማምረት አቆመ። በ2024ም ሣጥኖቹን በኢንተርኔት ያገለግል የነበረውን ጣቢያ ዘጋ። ሌላ ዕቃ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን የአቧራ ማረፊያ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ኮዱ በሕዝብ እጅ ነበርና፣ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ያለ ደመወዝ ሲጠግኑት ኖረው በዚያው ዓመት የኩባንያውን ስም አንሥተው ሊሪዮን ብለው ሰየሙት፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተሠሩትንም ሣጥኖች ያጫውታል።